ፕላኔቶች ለምን ፀሐይ ላይ አይወድቁም? ከሐዋሳ ተማሪዎች የመጡ ጥያቄዎች

ታቦር ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ፀሐይና ስለ ፕላኔቶች የሚከነክናቸውን ነገር ስም ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው። የመጣው ጥያቄ በጣም ደስ አሰኘኝ። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ስላልሆነ ወደዚህ አመጣሁት። የምታውቁትን አካፍሉን፤ ልጆቹም ያነባሉ። ከወረቀቶቹ መካከል እነዚህ አሉ፦

«ፀሐይ የምትስበን ከሆነ ለምን አንወድቅባትም?»

«ምድር ያለ ነዳጅ ይህን ሁሉ ዘመን ስትዞር ለምን አልቆመችም?»

«ፀሐይ ድንገት ብትጠፋ ወዲያው እናውቃለን?»

«ፀሐይ ከምድር በጣም ትበልጣለች። ታዲያ ጨረቃን ለምን አትነጥቀንም?»

«ቆሻሻችንን ሁሉ በሮኬት ጭነን ፀሐይ ውስጥ ብንጥለውስ?»

«በገና ሰሞን ለፀሐይ ቅርብ ነን ይባላል። ታዲያ ሌሊቱ ለምን ይቆረጥማል?»

የመጀመሪያውን እኔ ልሞክረው። የሌሎቹም ቁልፍ እሱ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

መልሱ፣ እንወድቃለን። ምድር ሌት ተቀን ወደ ፀሐይ እየወደቀች ነው። የማትደርስባት ወደ ጎን በጣም ስለምትሮጥ ነው።

ታቦር ተራራ አናት ላይ ቆማችሁ ድንጋይ ወደፊት ወረወራችሁ እንበል። አየሩን ለጊዜው እንርሳው። ድንጋዩ በቀስታም ተወርውሮ በኃይል፣ በመጀመሪያዋ ሰከንድ ወደ ታች የሚወርደው ያው 4.9 ሜትር ነው። በኃይል የተወረወረው ራቅ ብሎ ያርፋል፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። አሁን ደግሞ መሬት ድቡልቡል መሆኗን አስቡ። 8 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብላችሁ ብትሄዱ፣ መሬት ከሥራችሁ ወደ 5 ሜትር ዝቅ ብላ ታገኟታላችሁ። እንግዲህ ድንጋዩን በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ብታስወነጭፉትስ? እሱ 5 ሜትር ሲወርድ መሬቱም 5 ሜትር ይሸሸዋል። ይወድቃል፣ ግን መሬቱን አያገኘውም። ከ84 ደቂቃ ገደማ በኋላ በጀርባችሁ በኩል ይመጣል። ሐሳቡ የኒውተን ነው። እሱ ግን ከአየር በላይ የሚደርስ ተራራ ነበር በምናቡ የሳለው።

ምድርም እንደዚሁ ናት። በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ትሄዳለች። በዚያችው ሰከንድ ወደ ፀሐይ የምትወድቀው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄደውን መንገዷን አጉብጣ ክብ የምታደርገው ያቺ 3 ሚሊ ሜትር ናት።

የቀሩትን ለእናንተ ትቻለሁ።

የአዳማ ልጅ

30 ኪሎ ሜትር ሄዳ 3 ሚሊ ሜትር? አላስችል ብሎኝ ወረቀት አወጣሁ። ፍጥነቷ በሰከንድ 30,000 ሜትር፣ ርቀቷ 150 ቢሊዮን ሜትር። ፍጥነቱን በራሱ አባዝቼ ለርቀቱ ሳካፍል 0.006 መጣ። በአንድ ሰከንድ የሚወደቀው የዚህ ግማሽ ነው፣ 0.003 ሜትር። እውነትም 3 ሚሊ ሜትር!

ልጆች፣ እናንተም ሥሩት። በሰው ቁጥር ማመንና በራስ እጅ ማግኘት ለየቅል ናቸው።

መካኒኩ

እኔ ሥራዬ ሞተር ነው። ነዳጁን ካቋረጥክበት ይቆማል፣ አለቀ። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ የኔም ጥያቄ ነው። 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያለ ነዳጅ እንዴት ይዞራል? የሆነ ነገር እየገፋት መሆን አለበት።

ማታ ማታ

ወንድሜ መካኒኩ፣ ከሙያህ ልነሳ። መኪና በሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት እየሄደ ነዳጅ የሚበላው ለምንድን ነው? ሰበቃውን ለማሸነፍ ነው። ጎማው ከአስፋልቱ፣ ቦዲው ከአየሩ፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይታገላል። እነዚህን ሁሉ ብታነሳቸው የያዘውን ፍጥነት ይዞ ይሄዳል፣ ጠብታ ነዳጅ አያስፈልገውም። ምድር የምትሄድበት ጠፈር ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የሚያግዳት ስለሌለ የሚገፋት አያስፈልጋትም።

«የፀሐይ ስበትስ ጉልበት አይጨርስም ወይ?» ካልክ፣ ጥያቄው ጥሩ ነው። ስበቱ የሚጎትታት ከጉዞዋ አቅጣጫ በጎን በኩል ነው። በጎን የሚጎትት ኃይል አቅጣጫ ይቀይራል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም፣ አይቀንስም። የምድር ምሕዋር ትንሽ ሞላላ ስለሆነ ግን ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። ያገኘችውን መልሳ ትከፍላለች። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ይዘጋል።

ፈጽሞ ኪሳራ የለም ለማለት ግን አይደለም። በአይንስታይን ንድፈ ሐሳብ መሠረት ምድር ፀሐይን ስትዞር የስበት ሞገድ፣ ማለትም በጠፈር ውስጥ የሚሰራጭ የስበት ንዝረት፣ ትረጫለች። የምታጣው ኃይል 200 ዋት ገደማ ነው። ምድርን ለሚያህል አካል ይህ ከምንም አይቆጠርም። ፀሐይ ራሷ እስክታረጅ ድረስ እንኳ ለውጡ አይታወቅም።

መካኒኩ

አሁን ገባኝ። የሚያቆማት የለም፣ ስለዚህ የሚገፋት አያስፈልግም። እግዜር ይስጥልኝ።

ፍቅር ሐይቅ

ሦስተኛውን ለኔ ስጡኝ።

የፀሐይ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ሰው የማይጠይቀው የስበቱን ነው። ስበትም ፍጥነት አለው ወይስ በቅጽበት ነው የሚደርሰው? ኒውተን በቅጽበት እንደሚደርስ አድርጎ ነበር ያሰላው። አይንስታይን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1915 ስበትም በብርሃን ፍጥነት ነው የሚጓዘው የሚል ንድፈ ሐሳብ አቀረበ።

ይህ በልኬት የታየው በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ የታመቁ የሞቱ ኮከቦች ቅሪት) ተጋጭተው የላኩት የስበት ሞገድ ምድር ደረሰ። ግጭቱ የተከሰተው 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ነው። ከዚያው ግጭት የወጣው የጋማ ጨረር የደረሰው ከሞገዱ 1.7 ሰከንድ በኋላ ነበር። 130 ሚሊዮን ዓመት አብረው ተጉዘው ልዩነታቸው ሁለት ሰከንድ እንኳ አልሞላም!

ስለዚህ ፀሐይ በቅጽበት ጠፋች ብንል፣ ለ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ምንም አናውቅም። ምድርም አታውቅም፤ በሌለች ፀሐይ ዙሪያ መታጠፏን ትቀጥላለች። ከዚያ ሰማዩ ይጨልማል፣ እኛም በዚያችው ቅጽበት ቀጥ ባለ መስመር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር እንነጉዳለን። ጨረቃ ግን አትለየንም፣ ምድርን እየዞረች አብራን ትሄዳለች። የጁፒተር ብርሃን ደግሞ ወዲያው አይጠፋም። ከፀሐይ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኛ የሚመጣው ብርሃን መንገድ ላይ ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ እናየዋለን።

11ኛ ቢ

ቲቸር፣ የጨረቃዋ ጥያቄ የኔ ናት። እኔ አስልቼው ነበር። ፀሐይ ጨረቃን የምትስብበት ኃይል ምድር ከምትስባት ሁለት እጥፍ ይበልጣል። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። ታዲያ እንዴት የኛ ሆና ቀረች?

ታቦር ሥር

ጎበዝ! ስሌትሽ ልክ ነው፣ 2.2 እጥፍ ገደማ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ቁጥር ላይ ሳይደርስ ነው የሚመልሰው።

ቁልፉ ይኸውልሽ። ፀሐይ ጨረቃን ብቻ አይደለም የምትስበው፣ ምድርንም ትስባለች። ሁለቱም ከፀሐይ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ስለሆነ ሁለቱም ወደ ፀሐይ የሚወድቁት በእኩል መጠን ነው ማለት ይቻላል። አብረው የሚወድቁ ነገሮች በመውደቃቸው ምክንያት አይለያዩም። ጨረቃን ከምድር ሊነጥል የሚችለው ፀሐይ በሁለቱ ላይ ያላት የስበት ልዩነት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ምድር ጨረቃን ከምትስብበት ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ጨረቃ አሁን ካለችበት 384,000 ኪሎ ሜትር ይልቅ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ኖሮ ግን ልዩነቱ ያሸንፍና ትለየን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የጨረቃን መንገድ ከፀሐይ አንጻር ብትስዪው እንደ ስፕሪንግ የሚጠቀለል ይመስልሻል አይደል? አይደለም። ምድርን የምትዞረው በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከምድር ጋር ሆና ግን ፀሐይን በ30 ኪሎ ሜትር ትዞራለች። ስለዚህ ወደ ኋላ የምትመለስበት ጊዜ የለም። መንገዷ ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ የጎበጠ ነው። አንቺ ያገኘሽው 2.2 የሚነግረን ይህንኑ ነው።

11ኛ ቢ

ቲቸር፣ እሱን በግራፍ ወረቀት እስለዋለሁ!

መካኒኩ

የቆሻሻውን ማንም አልነካውም። እኔ ግን ሐሳቡ ጥሩ ይመስለኛል። ፀሐይ ራሷ ትስበዋለች፣ ከምድር ካስወጣነው ቁልቁለት ነው።

ማታ ማታ

ቁልቁለት ቢመስልም ከባዱ መንገድ እሱ ነው። ከምድር የተነሳ ሮኬት ምድር የያዘችውን 30 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይዞ ነው የሚነሳው። መምህር እንዳሉት ይህ የጎን ፍጥነት እስካለ ድረስ ወደ ፀሐይ መውደቅ የለም። ቆሻሻው ፀሐይ ውስጥ እንዲገባ ያን ፍጥነት ሁሉ ማለት ይቻላል ማጥፋት አለብህ። በጠፈር ላይ ፍሬን የሚባል ነገር የለም፤ የምታቆመው ሞተር ወደፊት አዙረህ በማቃጠል ነው።

አሁን ከፀሐይ ሥርዓት ጨርሶ መውጣት ምን ያህል እንደሚጠይቅ እይ። እኛ ካለንበት ርቀት በሰከንድ 42 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። 30ውን ምድር በነጻ ሰጥታሃለች። የሚቀርህ 12 ነው። ከፀሐይ ጭራሹን መሸሽ ፀሐይ ውስጥ ከመግባት ይቀላል። እኔ በዚህ መስክ ካነበብኩት ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

ለዚህም ነው የአሜሪካው ናሳ እ.ኤ.አ. በ2018 ያመጠቃት ፓርከር የተባለችው መንኮራኩር ዓመታት የፈጀባት። ፍጥነቷን ለመቀነስ ቬነስን 7 ጊዜ ጠጋ ብላ ማለፍ ነበረባት። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከፀሐይ ወለል 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ቀረበች። ያኔ ፍጥነቷ በሰዓት 690,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። እሷም ብትሆን ውስጧ አልገባችም።

ሐሳበ ዘመን

የገናውን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እኔ ፊዚክስ ሳይሆን ዘመን ቆጠራ ነው የምወደው። ሆኖም ሁለቱ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ታኅሣሥ 25 አካባቢ ነው፣ ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ። ያኔ ርቀታችን 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። በጣም የምንርቀው ደግሞ ሰኔ 27 አካባቢ ነው፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። ሲቀርቡ መፍጠን፣ ሲርቁ መዘግየት ተብሏል። ይህን የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1609 ነው ያሳተመው። እኛ ግን ያለ ምንም መሣሪያ፣ በግድግዳ ካላንደር ብቻ ልናረጋግጠው እንችላለን። ከጳጉሜ በቀር የኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው አያደናግርም።

በ2017 ዓ.ም. ቀንና ሌሊት እኩል የሆኑት መጋቢት 11 ነበር። ቀጣዩ እኩሌታ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ዋለ። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ምድር የዞረችው ከክቡ ልክ ግማሹን ነው። አሁን ቁጠሩ። ከመጋቢት 11 እስከ ነሐሴ 11 አምስት ወር፣ 150 ቀን። ከዚያ እስከ ጳጉሜ 1 ቀን 20፣ ድምሩ 170። ጳጉሜ 5 ቀን ነበረች፣ 175። ከመስከረም 1 እስከ 12 ደግሞ 11 ቀን። 186 ሆነ። ዓመቱ 365 ነው፣ ለሌላው ግማሽ የሚተርፈው 179 ቀን ብቻ ነው።

ግማሹ መንገድ 186፣ ግማሹ 179። የሳምንት ልዩነት! ክረምቱን የያዘው ግማሽ የሚረዝመው ያኔ ከፀሐይ ርቀን ስለምንዘገይ ነው። ገና ያለበት ግማሽ የሚያጥረው ቀርበን ስለምንፈጥን ነው። የምድር ምሕዋር ፍጹም ክብ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም 182 ተኩል ይሆኑ ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የኛ ዓመት በአማካይ 365 ቀን ከ6 ሰዓት ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 የምትሆነው ለዚህ ነው። ወቅቶች የሚመላለሱበት ዓመት ግን ከዚያ በ11 ደቂቃ ያጥራል። በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሞላል። ስለዚህ የእኩሌታው ቀን በኛ ካላንደር ላይ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይመጣል።

የአዳማ ልጅ

ቆጠራው ግሩም ነው፣ ጋሼ። ግን ልጁ የጠየቀው ሌላ ነው። ቀርበን ሳለ ለምን ይበርዳል?

ሐሳበ ዘመን

ልክ ነህ፣ ቁጥሩ ስቦኝ ሄደ። ይህን ለፊዚክስ ሰዎች ልተወው።

ታቦር ሥር

በቅርቡና በሩቁ ርቀት መካከል የምናገኘው የፀሐይ ኃይል ልዩነት 7 በመቶ ያህል ነው። ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ወቅትን የሚወስነው ርቀቱ ሳይሆን የምድር ዘንግ ዘንበል ማለት ነው፣ 23.4 ዲግሪ። በታኅሣሥ ሰሜናዊው የምድር ክፍል ከፀሐይ ዞር ይላል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሆነች ያኔ ፀሐይ በቀትር አናታችን ላይ አትደርስም፣ 30 ዲግሪ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በመዘንበሏ ብቻ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ሙቀት 13 በመቶ ይቀንሳል። ቅርበቱ ያን አያካክሰውም።

የሌሊቱ ቁር ግን በዋናነት የፀሐይ ጉዳይ አይደለም። በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። መሬት ቀን ያጠራቀመችው ሙቀት የሚይዘው ደመና ሳያገኝ ወደ ጠፈር ይወጣል። ሐምሌ ላይ ቀኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ሌሊቱ እንደ ታኅሣሥ የማይቆረጥመው ለዚህ ነው፣ ደመናው ቀን ፀሐይ ይከለክላል፣ ማታ ሙቀት ይይዛል።

አሞራ ገደል

ሰላም ልጆቼ። እኔ ፊዚክስ አልተማርኩም። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ዓሣ ገበያ ስለምወጣ ግን የአጥቢያ ኮከብን ዕድሜዬን ሙሉ አውቃታለሁ። ለወራት ታበራልኛለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ከዚያ ደግሞ ማታ በምዕራብ፣ ከሐይቁ በላይ ትታያለች። ያቺው ናት ይሉኛል። እውነት ነው? ስትጠፋስ የት ነው የምትሄደው?

ፍቅር ሐይቅ

እናቴ፣ ያቺው ራሷ ናት። ኮከብ ሳትሆን እንደኛ ምድር ያለች ፕላኔት ናት፣ ቬነስ ትባላለች። የምትዞረው ከኛ ይልቅ ለፀሐይ በሚቀርብ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከፀሐይ ርቃ አትታይም። ወይ ከፀሐይ ቀድማ ትወጣለች፣ ያኔ ለርስዎ ታበራለች። ወይ ከፀሐይ በኋላ ትጠልቃለች፣ ያኔ ከሐይቁ በላይ ያዩዋታል።

የምትጠፋው ሁለት ቦታ ነው። ከፀሐይ ጀርባ ስትዞር ለ50 ቀን ያህል ትሰወራለች። በእኛና በፀሐይ መካከል ስታልፍ ደግሞ ለሳምንት ያህል። በቀረው ጊዜ 8 ወር ከመንፈቅ ገደማ በጠዋት፣ 8 ወር ከመንፈቅ ገደማ በማታ ትታያለች። ሁሉም ሲደመር 584 ቀን ነው።

ደስ የሚለው ሌላ ነው። 584ን በ5 ቢያባዙት 2,920 ቀን ይሆናል። 8 ዓመት በ365 ሲባዛም 2,920 ነው! ስለዚህ በየ8 ዓመቱ ቬነስ በዚያው ወቅት፣ በዚያው ሰማይ ላይ ትመለሳለች። ዘንድሮ በገና ሰሞን የት እንዳለች ቢያስታውሱ፣ ከ8 ዓመት በኋላ እዚያው አካባቢ ያገኟታል።

አሞራ ገደል

ተባረክ ልጄ። ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ።

11ኛ ቢ

ቬነስ ላይ አንድ ቀን ከአንድ ዓመት ይረዝማል የሚባለውስ?

ፍቅር ሐይቅ

በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር 243 የምድር ቀን ይፈጅባታል፣ ፀሐይን ለመዞር 225። በዚህ መልኩ እውነት ነው። ነገር ግን የምትሽከረከረው ከኛ በተቃራኒ ስለሆነ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደግማ እስክትወጣ ያለው 117 ቀን ብቻ ነው። ፀሐይም በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ ትጠልቃለች።

ካላየሁ አላምንም

ሁላችሁም ቁጥር ትጠሩልናላችሁ። ማን ሄዶ ለካው? ሕጉ እውነት መሆኑን ቢሮ ተቀምጬ ሳይሆን በዓይኔ የማይበት መንገድ ካለ ንገሩኝ። ለክርክር አይደለም፣ ማየት ስለምፈልግ ነው።

ፍቅር ሐይቅ

አለ። ተራ ባይኖኩላር ተዋስ። ጁፒተር ማታ ጎልቶ በሚታይበት ወቅት ክርንህን አጥር ወይም መኪና ጣሪያ ላይ አስደግፈህ ተመልከተው። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ምንም አታይም፣ ማስደገፉ ዋናው ነገር ነው። ጁፒተር ነጭ ክብ ሆኖ ይታይሃል፣ ግራና ቀኙ ላይ በአንድ መስመር የተሰለፉ እስከ አራት የሚደርሱ ነጠብጣቦች ታያለህ። ጨረቃዎቹ ናቸው። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው እነሱን ነው። አንተም በየማታው በደብተር ላይ ሳላቸው። ቦታ ሲቀያየሩ ታያለህ።

ሕጉ እዚያ ላይ ነው ያለው። ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1619 ያወጣው ሦስተኛ ሕግ የሚለው፣ የዙረቱን ጊዜ በራሱ አባዛው፣ ርቀቱን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዛው፣ የሁለቱ ንጽጽር ለሁሉም ያው ነው። አዮ የምትባለው ጨረቃ በ1.77 ቀን ትዞራለች፣ ጋኒሜድ በ7.15 ቀን። 7.15ን ለ1.77 ብታካፍል 4.04፣ በራሱ ሲባዛ 16.3። ርቀታቸው ደግሞ 422,000 እና 1,070,000 ኪሎ ሜትር ነው። ስታካፍል 2.54፣ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 16.3 ገደማ። ገጠመ! ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ የሚገዙበት ሕግ ጨረቃዎችንም በጁፒተር ዙሪያ ይገዛል።

አደራ፣ ባይኖኩላሩን ፀሐይ ላይ ፈጽሞ እንዳታዞር። ዓይን ያጠፋል።

ታቦር ሥር

ለዚህ ጥያቄ አንድ ታሪክ ልጨምር። ሕጉ የሚያሸንፍበትም የሚሸነፍበትም ቦታ አለው። ዩራነስ ከተሰላለት መንገድ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ፈረንሳዊው ለ ቬሪዬ «ከውጭ የሚስበው ሌላ ፕላኔት አለ» ብሎ ቦታውን በወረቀት አሰላ። እ.ኤ.አ. በ1846 በርሊን ላይ ቴሌስኮፕ ሲያዞሩ ኔፕቲዩን ከተባለለት ቦታ በ1 ዲግሪ ርቀት ውስጥ ተገኘ። በኋላ ሜርኩሪም ፈቀቅ እንደሚል ታየ። ለ ቬሪዬ በዚያው ዘዴ «ለፀሐይ የሚቀርብ ሌላ ፕላኔት አለ» አለ። ስም ሁሉ ወጣለት፣ ቩልካን። ዓመታት ተፈለገ፣ የለም። እ.ኤ.አ. በ1915 አይንስታይን ምክንያቱን አገኘው። የጎደለው ፕላኔት አልነበረም፣ የኒውተን የስበት ሕግ ፀሐይ አጠገብ መጠነኛ ማስተካከያ ያስፈልገው ነበር።

በኔ እምነት ተማሪ ሁለቱንም አብሮ መስማት አለበት። የመጀመሪያውን ብቻ የምናስተምር ከሆነ ግማሹን ደብቀናል።

የአዳማ ልጅ

ባይኖኩላር ለሌለን ደግሞ እኔ ሐሳብ አለኝ። ሐዋሳና አዳማ ሆነን ምድርን ራሷን እንለካት። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ በሁለት ከተማ እንዳደረገው። አዳማ ከሐዋሳ በቀጥታ ወደ ሰሜን ስንት ነው?

ታቦር ሥር

በጣም ጥሩ ሐሳብ! በካርታ ላይ የሰሜን ደቡብ ርቀቱ 165 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀኑም ቀርቧል። መጋቢት 30 አካባቢ ፀሐይ በቀትር ልክ ከሐዋሳ አናት በላይ ትሆናለች፣ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም። ከዚያ ቀን እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ ልጆች ይህን ራሳችሁ ተከታተሉት። በዚያው ቀን አዳማ ላይ 2 ሜትር እንጨት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይኖረዋል። 5 በ200 ማለት 1.5 ዲግሪ አይሞላም፣ ግን በጣም ይቀርበዋል። 165 ኪሎ ሜትር ለዚያ ማዕዘን ከሆነ፣ ለ360 ዲግሪ ስንት እንደሚሆን ልጆቹ ያግኙት። መልሱ 40,000 አካባቢ ሊመጣ ይገባል።

ቀትሩ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። ሐዋሳ ላይ 6:28፣ አዳማ ላይ 6:25 አካባቢ ነው።

ካላየሁ አላምንም

እኔም ሐዋሳ ነኝ፣ እመጣለሁ። ግን በልግ ነው፣ ደመና ቢሆንስ?

ታቦር ሥር

በማግስቱም ይሆናል። በሳምንቱም ይሆናል። የሚያስፈልገን የሁለቱ ከተሞች ማዕዘን ልዩነት ነው፣ እሱ በማንኛውም ቀን ያው ነው። ብቻ ሁለታችንም በአንድ ቀን፣ በየራሳችን ቀትር እንለካ።

ማታ ማታ

የምድርን ስፋት ካገኛችሁ እዚያ አታቁሙ። ጨረቃ ያለችው በ60 የምድር ሬዲየስ ርቀት ላይ ነው። ስበት በርቀት ካሬ የሚቀንስ ከሆነ፣ ጨረቃ በሰከንድ የምትወድቀው ድንጋይ ከሚወድቀው 4.9 ሜትር በ3,600 ያነሰ መሆን አለበት፣ 1.36 ሚሊ ሜትር። ከዙረት ጊዜዋ 27.3 ቀንና ከርቀቷ ተነስታችሁ በሌላ መንገድ ብታሰሉትም 1.36 ይመጣል። ኒውተን ተራራ ላይ ያለውን ድንጋይና ጨረቃን አንድ ሕግ እንደሚገዛቸው ያመሳከረው በዚህ ስሌት ነው።

11ኛ ቢ

ቲቸር፣ እኛ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን እንለካለን። እንጨቱን ቀጥ ለማድረግ ቱምቢ እናመጣለን። ጥላው ጫፉ ላይ ግን ደብዘዝ ይላል፣ የት ላይ ነው የምንለካው?

ታቦር ሥር

ጥሩ አየሽ። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ስፋት ያላት ክብ ስለሆነች የ2 ሜትር እንጨት ጥላ ጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። 5 ሴንቲ ሜትር ለምትለኩ ለአዳማዎች ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ እንጨቱ አናት ላይ ካርቶን አግድም አስሩና 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ብሱበት። መሬት ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። የፀሐይ ምስል ክብ ሆኖ ያርፋል፣ መሐሉን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከ6:10 እስከ 6:45 በየ5 ደቂቃው ምልክት አድርጉና ነጥቦቹን አገናኙ። ርቀቱን የምትለኩት ከቀዳዳው በቱምቢ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሚወርደው ነጥብ ነው፣ ከእንጨቱ ሥር አይደለም።

የአዳማ ልጅ

ቱቦ አለኝ፣ 2 ሜትር አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ልጄና የጎረቤት ልጆች ከኔ ጋር ናቸው። የለካነውን ማታ እዚሁ እንለጥፋለን፣ እናንተም ለጥፉ። ቁጥሩን ግን አስቀድማችሁ አትንገሩን።